ወንድምዬ ቋሚ የሆነበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ እንደ ወንድሜ የምቀናበት ሰው አልነበረም።

«ወንድምዬ» ነበር የምለው። እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ሲሆን እሱ አሥራ አንድ ሞልቶት ነበር። ቁመቱ የእናቴን ትከሻ አልፏል፤ ክንዱ የትልቅ ሰው ክንድ ሆኗል። አንዲት ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ደስ ሲለው እንደ ንብ «እዝዝ» ይላል፤ ሲከፋው ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያላትማል። ይህ ሕመም መሆኑን የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝም የሚገባኝ አይመስለኝም። ወንድም ሲባል እንደዚያ ነው ብዬ ነበር የማምነው። የሚገርሙኝስ የሌሎች ልጆች ወንድሞች ነበሩ፤ ምን እንዲህ ያስለፈልፋቸዋል እያልኩ።

የምንኖረው ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። ከታች ገና ሲነጋ ጀምሮ ጎማ ይፈታል፣ ይለጠፋል፣ ይነፋል፤ ሽታው በጣውላው ስንጥቅ እየሾለከ አልጋችን ድረስ ይመጣል። እናቴ ቀድሞ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር። በኮንትራት። ዘንድሮ ቋሚ ያደርጉኛል፣ ለከርሞ ቋሚ ያደርጉኛል ስትል ዓመታት አለፉ። «ቋሚ ብሆን እኮ...» ብላ የጀመረችው ወሬ ሁሉ መጨረሻው ደስ ይላል። ቋሚ ብትሆን ደረጃ የሌለው ቤት እንከራያለን። ቋሚ ብትሆን ፍሪጅ ይኖረናል። ቋሚ ብትሆን ለእኔ ቀይ ጫማ። በኋላ ወንድምዬን የሚይዝላት ሰው ስታጣ ሆቴሉን ተወችና የሰው ልብስ ቤት እያመጣች መተኮስ ጀመረች። ቃሉ ግን እኔ ጋ ቀረ። «ቋሚ» ማለት ለእኔ ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚመኘው ቦታ ነበር።

አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገዱ እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ አንድ ቀን መመለሻው ጠፋ። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ አይወራም።

ቅናቴ ምክንያት ነበረው። እናቴ ወንድምዬን በማንኪያ ታበላዋለች፤ እኔ ራሴ እበላለሁ። እሱን ታጥበዋለች፤ እኔ ራሴ እታጠባለሁ። ሲተኙ ደግሞ የእሷን አንጓ ከእሱ አንጓ ጋር በአንድ ረጅም የቀሚስ መቀነት ታስረዋለች። ከአጠገባቸው ተኝቼ ያን መቀነት እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። አንድ ቀን እጄን ዘረጋሁላት።

«እማዬ፣ እኔንም እሰሪኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ የት ትሄጂብኛለሽ?» አለችኝ።

ተቀየምኳት። የትም የማልሄድ ተራ ነገር አድርጋ የቆጠረችኝ መሰለኝ። ወንድምዬ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሁላችን ስንተኛ በር ከፍቶ ወጥቶ ባቡር ሐዲድ ላይ ተቀምጦ እንደ ተገኘ የሰማሁት ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። ያኔም እናቴ የነገረችኝ የልጄን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል ነበር። ስለዚያ ዘመን የምታወራው ጨርቅ በእጇ ሲኖር ብቻ ነው።

ክንዷ ላይ የነበረውም ነገር እንደዚሁ። ከክርኗ እስከ ትከሻዋ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ነጠብጣብ ነበረባት፤ አራት አራት ሆነው የተሰለፉ። ምንድን ነው ብላት «የልብስ ቀለም ነው፤ ሲተኮስ ይለቃል» አለችኝ። አመንኳት። እንዲያውም ያምር ነበር። የወንድምዬ የጣት ምልክት መሆኑ የገባኝ ስንት ዘመን ቆይቶ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ ከመሬት ተነስቶ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ባለ መነጽር ሴት መጣች። ከማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ነው የመጣሁት አለች። እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በዚያ ሙቀት ሹራብ መልበስ ነው። ብርድ የያዛት መሰለኝ። ካውያውን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢም አላለቻት።

«ማን ነው የጠቆመብኝ?»

«ጥቆማ አይደለም። የሚያስብልዎ ሰው ነው።»

የሚያስቡልን ሰው እማማ ሬዲዮ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከጎሚስታው ጓሮ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ጎሚስታው ነው፤ ያለ ባትሪ ይሠራሉ ብሎ።

«እኔ ልጄን አልበደልኩም» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። ለመክሰስ አልመጣሁም።» ሴትዮዋ ደረጃው አድክሟት በእጇ ግድግዳውን ይዛለች። «ቢሮው የተከፈተው ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ሰው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ቤት አለን። እንደሱ ያሉ ልጆች ቅዳሜና እሑድን እዚያ ያሳልፋሉ። የሚያውቁ ተንከባካቢዎች አሉ። ዕረፍት ነው የምንለው።»

«ልጄ አልደከመውም» አለች እናቴ።

«እሱ አይደለም።» ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። «እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና አድርገው የተኙት መቼ ነው?»

እናቴ አፏን ከፈተች። መልሱን ልትነግራት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ዞር ብላ ካውያውን አነሳች፤ አንዱን ሸሚዝ ደጋግማ ትተኩስ ጀመር። ካውያው ግን ከሶኬት ተነቅሎ ነበር።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንዲት ቃል ነው፤ ዕረፍት። ዕረፍትን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ለዕረፍት ሐይቅ ዳር ሄዳ ስትመለስ አንድ ወር ሙሉ ስለ ጀልባ ነግራን ነበር። እንግዲህ ወንድምዬ ትምህርት ቤት እንኳ ሳይሄድ ለዕረፍት ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሚኒባስ መጣ። እናቴ አዲስ ፒጃማ ገዝታለታለች። ሹፌሩ አጠገብ ወፍራም ሳቂታ ተንከባካቢ ተቀምጧል፤ እናቴ መስኮቱን ይዛ ትነግረዋለች። «ውኃ ካየ ይረጋጋል። ቀይ ሳህን ካልሆነ አይበላም። ሲፈራ ጀርባውን እሹት፤ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ከታች ወደ ላይ ከሆነ ይናደዳል። ጆሮውን አትንኩበት...» ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ እሷም አብራው እየሮጠች ትናገራለች። ወንድምዬ ምን ያህል ታላቅ ሰው እንደሆነ ለሰዎቹ እያስረዳች መሰለኝ።

ተመልሳ መጥታ ጫማዋን ልታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንዱን አወለቀች። ሁለተኛው እግሯ ላይ እንዳለ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ቀረች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዳቦ ቆርሼ በላሁ። ከታች ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ፣ ሲያፈነዳ እሷ አልሰማችም። ሲመሽም ያው ናት። ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ከሌለ እኔን ማየት እንኳ አስጠላት ብዬ። አሁን ሳስበው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም ሳይቀሰቅሳት የተኛችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ወንድምዬ ተመለሰ። የማላውቀው ሳሙና ይሸታል። ጣቶቹ ሰማያዊ ቀለም ተነክረዋል። እየተወዛወዘ «እዝዝ» ይላል። ዓይኔ ደም ለበሰ።

እኔ የሌለኝ፣ እሱ ያለው ነገር ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። በደንብ አሰብኩ። እሱ አያወራም። እኔ ሳወራ ውዬ አድራለሁ፤ እማማ ሬዲዮ ሳይቀሩ «ይህቺስ ወራሼ ናት» ይላሉ። መልሱ ተገኘ።

ሰኞ ጠዋት ዝም አልኩ።

ትምህርት ቤት መጀመሪያ ተመሰገንኩ። አስተማሪያችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ጎሽ» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። እናቴም መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ብብቴን ኮረኮረችኝ፤ ሳቄን በአፍንጫዬ አስወጣሁት። ከረሜላ አመጣችልኝ፤ ተቀብዬ ዝም። በማግስቱ ትንሽ ጨመርኩበት፤ ግንባሬን ግድግዳው ላይ ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ፤ እንዳያመኝ ትራስ ባለበት በኩል። «እዝዝ» ማለትንም ተለማመድኩ።

እናቴ ያን ስትሰማ ካውያው ከእጇ ወደቀ። የሰው ሸሚዝ ተቃጠለ፤ አላነሳችውም። መጥታ ተንበረከከችና አገጬን ያዘች።

«ሚጣ። እማዬ በይኝ።»

ዝም።

«አንዴ ብቻ። እማዬ በይኝ፣ የኔ ቆንጆ። ከዚያ ዝም ትያለሽ። አንዴ።»

ልናገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ነጩ ሚኒባስ ትዝ አለኝ። ዓይኔን እንደ ወንድምዬ ከፊቷ ላይ ወደ ጎን አንሸራተትኩት።

ያኔ ያልተነገረኝ ነገር ይህ ነው። ወንድምዬ ሲወለድ ዝምተኛ አልነበረም። ሁለት ዓመት እስኪሞላው «እማ» ይል ነበር፤ «ውኃ» ይል ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ አፈ ጮሌ ይለው ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን ቃሎቹ እየቀነሱ መጡ። ዓይኑ ከሰው ፊት ሸሸ። እናቴ ይመለስ ይሆናል እያለች ጠበቀች። የመጀመሪያ ልጇ አንድ ጊዜ ከእጇ ሲሾልክ አይታለች፤ አሁን ሁለተኛዋን እያየች ነበር።

እማማ ሬዲዮ መጥተው «ዓይን ነው፤ የሰው ዓይን በልቷት ነው» አሉ። እናቴ እኔን አዘለችኝ። እግሬ ሊጎተት የደረሰ ትልቅ ልጅ ነኝ እኮ። ወንድምዬን በመቀነቱ አስራ ያዘች፤ ከተማውን አቋርጠን ቢሮው ሄድን። ጀርባዋ በላብ ርሷል። ስትራመድ የምትለው ነገር ነበር፤ ጆሮዬን አንገቷ ላይ ለጥፌ ሰማሁት፤ «ይህቺንስ ተውልኝ፣ ይህቺንስ ተውልኝ» ነበር የምትለው። ከማን ጋር እንደምትነጋገር አልገባኝም።

የቢሮው ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። አግዳሚው ላይ ክራንች የያዙ ሽማግሌ፣ መንታ ልጆች የታቀፈች ሴት፣ ቤታቸው ተቃጥሎባቸው ማደሪያ የሚጠይቁ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ሁሉም ተራውን ለእናቴ ለቀቀ። ባለ መነጽሯ ወጥታ አየችን፤ እኔን ብቻ ይዛ ገባች።

ተናገሪ አላለችኝም። ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጥታኝ እሷም ጎንበስ ብላ የራሷን ትስል ጀመር። አበባ ነው የምትስለው፤ አያምርም። እኔ ነጭ ሚኒባስ ሳልኩ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሹሩባ ያላት ልጅ ሳልኩ።

«ይህቺ ማን ናት?»

ጣቴን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

«አንቺም እዚያ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። «እኔስ መቼ ነው የምሄደው?» ብዬ ጮህኩ። «ዝም ካልኩ ስንት ቀኔ! ወንድምዬ ሄደ፣ እኔ ግን ዝም ብዬም ማንም አልወሰደኝም!»

ባለ መነጽሯ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ልጅ ትመስላለች። ብድግ ብላ በሩን ከፈተች፤ እናቴን አንድ ሁለት ቃል ነገረቻት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተች ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች። ሳቋ እየሄደ እየሄደ ሌላ ነገር ሆነ። ወንድምዬ ጆሮውን ያዘ። እሷ እኔን ስባ እጇን አፌ ላይ አደረገችው፤ «ተናገሪ፣ ተናገሪ» ትለኛለች አፌን ይዛ፤ ቃሉ ሲወጣ በመዳፏ ልትነካው ነው መሰለኝ።

ክራንች የያዙት ሽማግሌ መሐረባቸውን አቀበሏት። «ዕድሜ ደጉ» አሉ፤ «ሴት ልጅ አፏን ስትከፍት የሚለቀስበት አገር ዛሬ አየሁ።» ኮሪደሩ ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ ተናድጄ ነበር። መናገሬ ሚኒባሱን አሳጣኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና ባለ መነጽሯ «አንቺ» መባባል ጀመሩ። ወንድምዬ በየሳምንቱ ዕረፍት ይሄዳል፤ እናቴ ትተኛለች፤ ስትነቃ ፀጉሬን ትሠራኛለች። ጥሩ ጊዜ ነበር። ቢቆይ ኖሮ።

በጋው ሲገባ የሰፈሩ ቧንቧ ደረቀና የውኃ ቦቴ መምጣት ጀመረ። ከኋላው ውኃ እያንጠባጠበ አስፋልቱን አርሶት ያልፋል። አንድ ቀን ወንድምዬ ከመስኮቱ አየው። በሩ በዚያች ቅጽበት ክፍት ነበር፤ እናቴ የተተኮሰ ልብስ ለባለቤቱ እየሰጠች ነበር። ወንድምዬ ገፍትሯት አለፈ። እሷ ከኋላው ሸሚዙን ያዘችው። ሁለቱም ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። እኔ ከላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ እሽቅድምድም መስሎኝ «ወንድምዬ አሸነፈ! ወንድምዬ አሸነፈ!» እላለሁ። እናቴ መጨረሻዎቹን ደረጃዎች በእግሯ አልወረደቻቸውም። ክንዷ ከሥሯ ታጥፎ ወደቀች። ከመንገዱ የፍሬን ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ጎሚስታው ወንድምዬን ከወገቡ ታቅፎ፣ ሁለቱም በውኃ ርሰው፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ሲነሱ አየሁ። ወንድምዬ «እዝዝ» ይላል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

የእናቴ ክንድ በጀሶ ታሰረ። ባለ መነጽሯ መጣች። እኔን ወደ ውስጠኛው ክፍል ላኩኝ፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ቦታ ተገኝቷል» አለች ባለ መነጽሯ። «ቋሚ።»

ጣውላው ተንቋቋ፤ እናቴ ብድግ ብላ ነው።

«በፈለግሽው ቀን ትመጪያለሽ። ማንም አይከለክልሽም።»

«እናት ልጇን ለቢሮ ትሰጣለች?»

«በሚቀጥለው ጊዜ ጎሚስታው ባይኖርስ?»

ከታች መዶሻ ይሰማል። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ የእሷ አይመስልም፤ «ይዤው ነበር እኮ። ሸሚዙን ይዤው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አድጎብኝ ነው። ከአቅሜ በላይ አድጎብኝ ነው እንጂ...»

ሌላውን አልሰማሁም። ከሁሉም ውስጥ ትልቁን ቃል ሰምቻለሁና። በአጠገባቸው ሾልኬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ እማማ ሬዲዮ አጠገቡ ቆመው ያወራሉ።

«ወንድምዬ ቋሚ ሆነ!» ብዬ ጮህኩ። «ወንድምዬን ቋሚ አደረጉት! ከእማዬ ቀድሞ!»

ጎሚስታው የያዘውን ብረት መሬት ላይ አስቀመጠ። በጥንቃቄ፣ እንደሚሰበር ነገር። እማማ ሬዲዮ አፋቸውን ከፍተው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ በሳቅ ነው ብዬ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ሲሄድ ሦስታችንም በነጩ ሚኒባስ ሄድን። በመጨረሻ ተሳፈርኩ። ቤቱ እንዳሰብኩት ነበር፤ ዛፍ አለው፣ ሰፊ ግቢ አለው፣ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ የእጅ አሻራዎች አሉ። ሳቂታው ተንከባካቢ የአትክልት ማጠጫ ጎማውን ከፍቶ ለወንድምዬ ሰጠው። እሱም ውኃውን ወደ ላይ እየረጨ፣ ሲወርድበት እያየ ቆመ።

እናቴ የመሄጃችን ጊዜ ሲደርስ ቀረበችው። በደኅናው እጇ ጀርባውን ዳበሰችው፤ ከላይ ወደ ታች። «የኔ ጌታ፣ መሄዴ ነው» አለችው። ውኃውን ያያል። «የኔ ጌታ።» ውኃውን ያያል። እስከ በሩ ኋላዋን እያየች ሄደች። እሱ አንዴም አልዞረም።

ስንመለስ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ጀሶው ላይ ይወርዳል። እኔ እዚያ ቤት መቅረት እሷም አምሯት ነው ብዬ አሰብኩ። ለምን እንደምታዝን የማውቅ መሰለኝ። ጉልበቷን መታ መታ አደረግኩላት።

«አይዞሽ እማዬ» አልኳት። «አንቺም አንድ ቀን ቋሚ ትሆኛለሽ።»

እናቴ ስለ ብዙ ነገር ጨርቅ እያጣጠፈች ነግራኛለች። ስለዚያች ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ አንስታ አታውቅም። እኔም አላነሳባትም።

ሰፈሩ አወራ። ልጇን ለመንግሥት ሰጥታ እንቅልፏን ትለጥጣለች አሉ። እውነቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልተኛችም። መቀነቱ ከአንጓዋ ወጥቷል፤ እጇ ግን ሁልጊዜ ወደዚያ ባዶ ቦታ ተዘርግቶ ያድራል። አንድ ማለዳ እኔ ወደዚያ ቦታ ተዛውሬ ተኛሁበት። አላባረረችኝም፤ አልታቀፈችኝምም።

ወንድሜ እዚያ ቤት አድጎ፣ ጎርምሶ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ደህና አድርገው ይዘውት ነበር። ቀብሩ ላይ ባለ መነጽሯ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ከቤተሰብ ጋር ቆማለች። እናቴ አንድ እሑድ እንኳ ሳታስታጉል ነበር የሄደችው፤ ከእነዚያ እሑዶች ሁሉ ግን ደጋግማ የምታነሳው አንዱን ነው፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

እሱ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ጢም ማብቀል ጀምሯል። ዛፉ ሥር ተቀምጠን ብርቱካን እየላጠች ትሰጠዋለች። አሁን በራሱ እጅ ይበላል፤ እሷ ግን መላጡን አልተወችም። የእራት ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወደ አዳራሹ ይገቡ ጀመር። ወንድምዬ ተነሳ። እኛን ትቶ የሚሄድ መስሎን አየነው። እሱ ግን አጎንብሶ የእናቴን የእጅ ቦርሳ ከሣሩ ላይ አነሳና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለላት። ማንጠልጠያውን አስተካከለው። አንጓዋን ያዘ፤ በቀስታ፣ ሳያሳምም። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ፣ እሷን እየመራ ግቢውን አቋርጦ እስከ ብረት በሩ ወሰዳት። መዝጊያውን ከፈተ። ወደ ውጭ አሳለፋት። እኔንም። ከዚያ በሩን ዘጋ፤ ሲዘጋ እንዳይጮህ በእጁ ደግፎ ዘጋው። ዞሮ ወደ እራቱ ሄደ።

ሳቄ መጣ። «አየሽው? ጨዋ ሆኗል!» አልኳት።

እናቴ ብረቱን ይዛ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እሱ እንዳደረገው ነው።

«አዎ» አለች። «እንግዶቹን ሸኘ።»

ከበሩ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ሄደን ተቀመጥን። ከግቢው ውስጥ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ይመጣል። አውቶቡሱ መጣ፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አየን። እናቴ ሂድ በሚል እጇን አወዛወዘችለት። ሌላም መጣ። እኔ ርቦኝ ነበር፤ ግን አልነገርኳትም። ሳህኖቹ ታጥበው እስኪያልቁ፣ መብራቶቹ በየክፍሉ በርተው እስኪጠፉ ድረስ እዚያ ተቀምጣ፣ እኔም ክንዷን ይዤ፣ የልጇን ቤት ከውጭ አየች።